አንዴ ሲመታ ቁም ነው

ጥቅምት 29

ዛሬ የምንኖርበት ቤት ኃላፊ የቅሬታ ቅጽ ሰጠችኝ፤ እፍኝ ሙሉ ወረቀት። "እስከ ዛሬ በቃል ነው የሚነግሩን። በቃል የተነገረ ነገር ደግሞ እኛ ቢሮ አያድርም" አለችኝ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ ግን ጨዋ ናት፤ አንቱታዋን አታጓድልም። አጻጻፉንም አሳየችኝ፦ ቀን፣ የበር ቁጥር፣ የረብሻው ዓይነት፤ በቃ። "ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይጻፉ፤ የገመቱትን አይጻፉ። የሰው ስም አያስፈልግም፣ በሩ ይበቃል። ከአንድ በር ለሚወጣ ነገር ሁሉ ተጠያቂው የክፍሉ ነዋሪ ነው። እንግዳው ቢያጠፋም ያመጣው እሱ ነው።" ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ክፍሉን ይለቃል።

ደስ አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የእኛ ነገር ቅጠሉን ካለፈ ቆይቷል፤ ቢሆንም ወረቀት መያዝ አንድ ነገር ነው።

ይህ ደብተር ግን የራሴ ነው። ቅጹ ላይ የማይገባውን እዚህ እተነፍሰዋለሁ፣ አለዚያ በሰው ፊት መተንፈሴ ነው።

የምንኖረው በር ቁጥር ሰባት ነው። ቤቱ ከሆስፒታል ወጥተው የሚቀበላቸው ላጡ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ክፍል ለየብቻ፣ ኩሽናና መታጠቢያ በጋራ። ክፍሉ የታናሽ እህቴ ነው፣ እኔ አስታማሚ ተብዬ ነው የተመዘገብኩት። ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ፣ ማታ ማታ እሷን እጠብቃለሁ። ሐኪሟ ሲለቃት የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ "ግማሹን መድኃኒቱ ይሠራል፣ ግማሹን እንቅልፍ። እንቅልፍ ካጣች ተመልሳ እኛ ጋ ናት።" ከተመለሰች ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። እሷ ወደ ሆስፒታል፣ እኔ ወደ መንገድ።

እና ስድስት ቁጥር ያስተኛናል? ሙዚቃ፣ ሳቅ፣ ጠርሙስ፣ ስድብ። አልጋችን የተጠጋው ግድግዳ ከእነሱ ጋር የጋራ ነው። እህቴ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ተክላ ታነጋለች። ትናንት "እታለም፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው ወይስ አንቺም ትሰሚያለሽ?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ኅዳር 2

ጻፍኩ። ስድስት፣ ሙዚቃ። ስድስት፣ ጩኸት። ስድስት፣ ኮሪደር ላይ የተሰበረ ጠርሙስ። እጄ ካውያ ስለለመደ መስመር አይስትም፤ ቅጹ ሲያዩት ያምራል።

ኅዳር 5

የስድስት ቁጥሩን ሰውዬ ኩሽና አገኘሁት። ሾፌሩ ነው የምንለው። ድሮ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ተሳሰረ። አንድ ቃል ሲያወጣ ጭነት በዝቶበት ዳገት የሚወጣ መኪና ነው፤ ያቃስታል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከሥራ ስመጣ ኩሽና ነው፣ ልተኛ ስልም ኩሽና ነው። ክፍል ተሰጥቶት ኩሽና የሚኖር ሰው አይቼ አላውቅም። ክፍሉን ለወጠጤዎች አስረክቦ እሱ እዚህ ምድጃ ይሞቃል! "ምን ሆነህ ነው ቤትህን የምትሸሸው?" ብለው ፈገግ አለና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

እህቴ ግን ትወደዋለች። ቃሉን እስኪያወጣ ትጠብቀዋለች፤ እሷ እንደሆነች ጊዜ ሞልቷታል። ዛሬ ስለ ረዳቱ ያወራት ነበር። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስኬድ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይመታለታል አሉ። "አ... አንዴ፣ ቁም። ሁ... ሁለቴ፣ ሂድ።" በደህናው እጁ ጠረጴዛውን እየመታ አሳያት። "ገደል... ሲሆን... አንዴ።"

"ባትሰማውስ?" አለችው እህቴ።

መዳፉን ገልብጦ ወደ ወለሉ አወረደው፣ በአፉም የሚንኮታኮት ነገር ድምፅ አወጣ። ሳቀች! ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ዛሬ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ያሳቅኋት እኔ ብሆን ነበር የምፈልገው። ከእሷ ሳህን ሾርባ ሲካፈልም አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቃት ሰው ቀን ሾርባዋን ይበላል። አቤት ዓይን አውጣነት!

ኅዳር 9፣ ሌሊት

እህቴን ውኃ ጠምቷት ለመቅዳት ስወጣ ሾፌሩ ደረጃው ላይ ነበር። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ። ከክፍሉ ውስጥ ሙዚቃው ይደልቃል። ጥሎብኝ ጀግና ነኝና "ቤትህ ድግስ ደግሰህ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አልኩት። አፉን ከፈተ፣ ዳገቱን ጀመረው፤ "እ... እነ..." እኔ ደግሞ ውኃዬ እየተጠበቀ ነው። ቃሉ እስኪመጣ አልቆምኩም።

ስመለስ ባለ ጃኬቱ፣ የስድስት ቁጥር እንግዶች አለቃ፣ ከክፍሉ ሲወጣ አገኘሁት። ሁልጊዜ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነው የሚለብሰው፤ ሁለት ወጠጤዎች እንደ ጥላ ይከተሉታል። ሾፌሩን ተራምዶት አለፈ። በሩን በቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን ከየት አመጣው? ሾፌሩ ሰጥቶት ነዋ፣ ሌላ ከየት ያመጣዋል። የሰው ነገር አያገባኝም።

ቅጹን ሞላሁ። ስድስት፣ ከፍተኛ ድምፅ። ሾፌሩ ደረጃ ላይ ስለመሆኑ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ደረጃ ደግሞ የበር ቁጥር የለውም።

ኅዳር 14

ስድስት ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ! ከሥራ ስገባ አየሁት፤ ማህተሙ ገና አልደረቀም። ዘበኛው ደረጃ ሊጠርግ መጥቶ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለ።

"ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ። ሰውየውን እንግዶችህ ናቸው ወይ ብዬ ስጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። እነሱ ከኋላው ቆመው ነው የሚነቀንቀው። ነዋሪው አዎ ካለ እኔ ምን አደርጋለሁ? በር ነው የምጠብቀው።"

"ታዲያ ይህን ቢሮ ለምን አይናገሩም?" ልለው ነበር። መልሶ "አንቺስ?" ቢለኝስ ብዬ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም።

ኅዳር 16፣ ሌሊት

አዲስ ነገር ደግሞ ጀመሩ፤ ግድግዳ መደብደብ። ሙዚቃው በርትቶ ሳለ ከስድስት በኩል ድም! አንዴ። ከዚያ ዝም። ቆየት ብሎ ድም! ደግሞ አንዴ። በቡጢ አይደለም፣ በመዳፍ ነው። ድምፁም ከታች ነው የሚመጣው፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቁመት።

እህቴ ብድግ ብላ ተቀመጠች። "እታለም፣ ቁም እያለ ነው።"

"ማን?"

"ሾፌሩ ነዋ። ቁም እያለ ነው። ገደል ነው።"

"ተኚ የኔ ቆንጆ። ሰካራሞች ናቸው።"

"እሱ እኮ አይደለም የሚረብሸው። እነሱ ናቸው። ደስ ሲላቸው ያስወጡታል፣ ደስ ሲላቸው ያስገቡታል። ነግሮኛል።"

ሐኪሟ "ነገር ከነገር ማገናኘት ስትጀምር ቶሎ ንገሪኝ" ብሎኛል። ባለፈውም እንዲህ ነው የጀመራት፤ ራዲዮው ለእኔ ነው የሚያወራው ትል ነበር። አሁን ደግሞ ግድግዳው። መድኃኒቷን ሰጥቼ ጀርባዋን እያሻሸሁ አስተኛኋት። ግድግዳው ሲመታ ጀርባዋ ከእጄ ሥር ዘለል ይላል።

ቅጹ ላይ፦ ስድስት፣ ግድግዳ መደብደብ፣ ሆን ተብሎ። "ሆን ተብሎ" የሚለው ግምት ይሆን? ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት።

ኅዳር 21

ሆቴል ውስጥ ቆሜ አንቀላፋሁ። ካውያው አንሶላው ላይ ተኛ፣ እኔ ካውያው ላይ። አለቃዬ የተቃጠለውን አንሶላ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ "ይህ ነው እንግዳ የሚተኛበት?" አለች። እንግዳ የሚለውን ቃል እንዴት ጠላሁት።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። እህቴ አነበበችው፤ ማታ ሾርባዋን አልነካችም። ካልበላች አትተኛም፣ ካልተኛች ተመልሳ ሆስፒታል ናት። ዛሬ ሾፌሩ ኩሽና አልነበረም። የት እንዳለ አልጠየቅኩም፤ ግድግዳው ይናገር ነበር።

ኅዳር 25

ባለ ጃኬቱ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ አልልም፣ ቆሞ ነበር እንጂ። ዘንቢሌን ተቀብሎ እስከ በራችን ተሸከመልኝ። "እትዬ፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል አሉ" አለኝ። "ይጻፉ፣ ይጻፉ፤ ሰውየው በእውነት ረባሽ ነው። ብቻ የበሩን ቁጥር እንዳይስቱ።" ዘንቢሉን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። "እህትዎስ ደኅና ናት? ቀን ቀን ብቻዋን ነው የምትውለው አይደል?"

ትሕትናው መቼም ጥሩ ነው፤ አስተዳደግ ያየ ሰው ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ መቀርቀሪያ ገዝቼ አስመታሁ። ለነፋሱ ነው፤ በሩ ያንኳኳል።

ታኅሣሥ 1

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ። ከነገ ወዲያ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ አለ፤ ሾፌሩ መልስ ይሰጣል፣ እኔ ቅሬታ አቅራቢ ሆኜ እገኛለሁ።

እህቴ "እኔም እመጣለሁ፣ እሱ የሚለውን እኔ እነግራቸዋለሁ" ትላለች። የሚለውን የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ቢሮ ውስጥ ቆማ ግድግዳው ገደል አለኝ ስትል ታየኝ። ያኔ ሪፖርት የሚጻፈው ስለ እሷ ይሆናል። ምን ቆርጦኝ!

ታኅሣሥ 3፣ ሌሊት

ላንቀላፋ ስል ስብሰባው ይመጣብኛል፤ እዚሁ ጽፌው ልገላገል።

ጠዋት የእህቴን የማታ ኪኒን ከቁርስ ጋር ሰጠኋት። እንድታርፍ ብዬ ነው፤ ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። በሩን ስዘጋ ታንኮራፋ ነበር።

ቢሮው ጠባብ ነው፣ ከሦስት ሰው በላይ ሲሆን ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። ሾፌሩ ሸሚዙን ቆልፎ መጥቷል፤ በአንድ እጅ ስለሆነ አንዱ ቁልፍ ተዛንፏል። ግንባሩ ላይ ያረጀ ሰማያዊ ነገር አለ። ኃላፊዋ "ይህ ምንድን ነው?" አለችው። "ወ... ወደቅኩ" አለ። ይህቺ ቃል ሳታስቸግረው ወጣች፣ ተደጋግማ እንደተባለች ሁሉ።

ቅጾቼን አንድ በአንድ አነበበችለት። የራሴን ጽሑፍ በሌላ ሰው ድምፅ ስሰማ ትክክል ነበር። አንድም ውሸት የለበትም። ሙዚቃ ነበር፣ ጩኸት ነበር፣ ጠርሙስ ነበር፣ ግድግዳውም ተመትቷል። ከዚያ "የሚሉት ካለ ይበሉ" አለችው።

ዳገቱን ጀመረው። "እ... እነሱ... ቁ... ቁል..." ደም ሥሩ ተገታተረ። ኃላፊዋ ጠበቀችው፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጠበቀችው። ስልኳ ጮኸ፣ አጠፋችው። ደግሞ ጮኸ። መስኮቱ በኩል ባለ ጃኬቱ ግቢው ውስጥ ሲጋራ ያጨሳል፤ ወደ እኛ አያይም፣ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ወደ ሰባት ቁጥር መስኮት። እህቴ ተኝታለች። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው የሚዘጋው፣ የተኛ ሰው አይዘጋውም።

"እርስዎ የሚጨምሩት አለ?" አለችኝ ኃላፊዋ።

ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ልመና አልነበረም ዓይኑ ውስጥ፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር፣ እህቴ ቃሉን እስኪያወጣ እንደምትጠብቀው።

"የለም" አልኩ። የተጠየቅኩት ስለ ረብሻው ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን ጽፌያለሁ፣ የቀረው ግምት ነው።

ያኔ ደህናውን እጁን አነሳና ጠረጴዛውን መታ። አንዴ። የኃላፊዋ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። "እባክዎ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ነው እኮ የምንለው" አለችው፣ ጻፈችም።

እኔ ብቻ ነበርኩ እዚያ ክፍል ውስጥ አንዴ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው።

ታኅሣሥ 6

ሄደ። አንድ ሻንጣ ብቻ ነበረው፤ ዘበኛው ተሸከመለት። በሩን አልከፈትኩም፣ በቀዳዳ ነው ያየሁት። በራችን ጋ ሲደርስ ቆመና በመዳፉ መታው። ሁለቴ።

እህቴ አልጋው ላይ ሆና "ሂድ አለ" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ታኅሣሥ 8

ጸጥታ። ስድስት ባዶ ነው፤ ባለ ጃኬቱም ጭራዎቹም ጠፍተዋል። እንደ ድንጋይ ተኛሁ፣ ሕልም እንኳ አላየሁም። ሥራ ቦታ "ፊትሽ ወዛ" አሉኝ።

ስነቃ እህቴ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች። "ሰላም ሆነ አይደል?" አልኳት። አሁን ሰላም ሆኖም አትተኛም። ምን ይሻለኛል?

ታኅሣሥ 13

ስድስት ላይ አዲስ ሰው ገባ፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ልባቸውን ታመው ነው ከሆስፒታል የወጡት። ጸጥ ያሉ፣ ንጹሕ ሰው፤ ዕቃቸውን ሁሉ በመሳቢያ በመሳቢያ ከፋፍለው አስቀምጠዋል። "ድንጋጤ አይሆንልኝም ብሎኛል ሐኪሜ፣ ጨዋ ጎረቤት ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል" አሉኝ። ኃላፊዋ "የቅሬታ አጻጻፍ ከሰባት ቁጥሯ ይማሩ፣ እንደ እሳቸው የሚጽፍ የለንም" ብላ ልካቸው ነው።

የተረፉኝን ቅጾች ሰጠኋቸው። ቀን፣ የበር ቁጥር፣ የረብሻው ዓይነት። "ያዩትንና የሰሙትን ብቻ፤ የገመቱትን አይጻፉ" አልኳቸው። እንደ ጎበዝ ተማሪ ቃል በቃል ደገሙልኝ። ስወጣ ኩራት ብጤ ተሰማኝ።

ታኅሣሥ 17

ዘበኛውን ጠየቅኩት። "የጭነት መኪና ማቆሚያው ጋ ነው አሉ። ድሮ የሚያውቁት ሾፌሮች ያልተነሳ መኪና ውስጥ አስተኝተውታል።"

ከሥራ ስወጣ እግሬ ወሰደኝ። ጎማ የሌለው መኪና፣ ድንጋይ ላይ የቆመ። እሱ ጋቢናው ውስጥ ነበር፣ በመሪው በኩል ሳይሆን በረዳቱ በኩል ተቀምጦ። ዳቦ ገዝቼለት ነበር። እዚያ ዘይትና ጭቃ መሐል ቆሜ ምን እንደምለው አሰብኩ። "አላወቅኩም ነበር" ልለው? እያወቅኩ! ኅዳር 16 ቀን እህቴ ነግራኛለች፤ ከዚያም በፊት ደረጃው ላይ አይቼዋለሁ፤ ቁልፉንም አይቻለሁ። እንቅልፍ ፈልጌ ነው፣ እህቴን ላተርፍ ብዬ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ፤ እህቴም አልበላችውም።

ታኅሣሥ 20

ከሥራ ስመለስ በራችን ገርበብ ብሏል። መቀርቀሪያው ደኅና ነው፣ አልተሰበረም። ባለ ጃኬቱ አልጋችን ላይ ተጋድሟል፣ ሁለቱ ወጠጤዎች መስኮቱ ጋ። እህቴ ጥግ ላይ ቆማለች።

"እንዴት አመሹ እትዬ፣ ሥራ እንዴት ነው?"

"ሾፌሩ ልኮኝ ነው አለኝ" አለች እህቴ። "ሾፌሩ ሰላም ብሎሻል አለኝ። ከፈትኩለት።"

ታኅሣሥ 22

አልሄዱም። "ስድስት ተወሰደብን እኮ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ያስወሰዱብን። አሁን የት እንሂድ?" ይስቃል። የእህቴን ቁልፍ ወስዷል። ሰው ይመጣል፣ በር ላይ የሆነ ነገር ይቀባበላሉ፣ ይሄዳሉ። ሙዚቃ።

ወለል ላይ ነው የምንተኛው። የምንተኛው አልኩ?

ዘበኛው ጠየቀኝ፦ "እንግዶችሽ ናቸው?" ባለ ጃኬቱ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ።

ታኅሣሥ 24

ሥራ ቀርቼ ቢሮ ሄድኩ። ነገርኳት፣ ሁሉንም፤ እንደ ሾፌሩ እየተደናቀፍኩ ነገርኳት። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ሰብረው ነው የገቡት?"

"አይ፣ ዋሽተው ነው።"

"ማን ከፈተላቸው?"

"እህቴ።"

"እንግዲያው እንግዳ ነው የሚባለው" አለች፣ እያዘነች። "መመዝገብ እችላለሁ። ግን ሰውየው ነዋሪ አይደለም፣ ስሙንም አናውቀውም። የምመዘግበው በበር ቁጥር ነው። በየትኛው በር ልጻፈው?"

"ልጄ፣ ሾፌሩም እኮ እንዲህ ነው የሆነው" አልኳት። "ቤቱን ቀምተውት ነበር። ደረጃ ላይ ያሳድሩት ነበር። ግድግዳውን የሚመታው እኛን ለመጥራት ነበር። እየሰማሁት።"

ቀላች፤ በማን እንዳፈረች እንጃ። "ጠይቄዎት ነበር እኮ" አለች በዝግታ። "የሚጨምሩት አለ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

መስኮቱ በኩል አንደኛው ወጠጤ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሁለተኛው አብሮት የለም። ላይ ነው ማለት ነው፣ ከእህቴ ጋር።

"በየትኛው ልጻፈው?" አለች ደግማ።

"ልተወው" አልኩ። ሦስት ማስጠንቀቂያ። ቆጥሬ አስቆጥሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 29

እህቴ ከሁለት ቀን ወዲህ ራዲዮው ያናግራታል። ራዲዮ የለንም። ሐኪሟ ጋ መውሰድ አለብኝ፤ ከወሰድኳት ያስቀሯታል፣ ካስቀሯት ክፍሉ ይሄዳል፣ ካልወሰድኳት እሷ ትሄዳለች። ፈጣሪዬ፣ የባሰ አታምጣ ማለት እንኳ ፈራሁ።

ጥር 3፣ ደረጃው ላይ

በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ደረጃው ላይ ነን። "ትንሽ አየር ውሰዱ" ተብለን ነው። ጎረቤቶች ወደ ሥራ ሲሄዱ ተራምደውን ያልፋሉ። አንዷ "ክፍል እያላችሁ!" ብላ አጉረመረመች። እህቴ ጭኔ ላይ ራሷን ጥላ ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች።

ትናንት ማታ ሙዚቃው ጣሪያ ሲነካ እህቴ ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች እጇን ዘርግታ ግድግዳውን በመዳፏ መታች። አንዴ።

"ማንም የለም እኮ የኔ ቆንጆ" አልኳት በጆሮዋ። "ሄዷል።"

ደግማ መታች። አንዴ። ባለ ጃኬቱ ዞር ብሎ "ምን እያደረገች ነው?" አለ።

"አመሏ ነው" አልኩት። ሳቁ፣ ፊታቸውንም መለሱ።

ያን ጊዜ ከዚያ ማዶ ሰው እንዳለ ትዝ አለኝ። መምህሩ። ንጹሕ ሰው፣ አስተዋይ ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን የልጅ ለቅሶ ከልጅ ተንኮል ሲለዩ የኖሩ ሰው። መዳፌን ዘረጋሁና ከእህቴ እጅ አጠገብ፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው በሚደርስበት ቁመት፣ ባለኝ ኃይል መታሁት። አንዴ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ደግሜ መታሁ። አንዴ።

ማዶ አልጋ ተንቋቋ። ነቅተዋል። እግራቸው ወለል ነካ፣ ወንበር ተጎተተ።

"ሰማን!" አለች እህቴ። ፊቷ በራ፤ ኩሽና ውስጥ እንደሳቀች ዕለት። "እታለም፣ ሰማን!"

መሳቢያ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሌላ መሳቢያ ተከፈተ። እስክሪብቶ እየፈለጉ ነበር።